ገነተ ልዑል፤ ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ትምህርት

በእኛ ሙያ ደረጃ የሚሠራው ሰውን ከአንዱ ወለል ወደ ሌላው ለማሸጋገር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የቆመው ደረጃ ግን ወደ የትም ወለል አያደርስም። የሠሩት የፋሺስት ኢጣልያ ወራሪዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ሮማ ከዘመቱበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አንዳንድ ዓመት እንዲያመለክት የታሰበ ነበር። ዛሬ በመጨረሻው እርከን ላይ የሚታየው የይሁዳ አንበሳ ምስል ነው። ደረጃው አልፈረሰም፤ ትርጉሙ ግን ተለወጠ።

የግቢው ታሪክ በጠቅላላው ይህንኑ ይመስላል። ቤተ መንግሥቱ በ1926 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተሠራ። በ1928 ዓ.ም. የወራሪው ጦር ከተማዋን ሲይዝ የኢጣልያ እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለድሆች ምጽዋት በሚታደልበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት በዚሁ ግቢ ነው፤ የተከተለውም እልቂት ሦስት ቀን ሙሉ ከተማዋን በደም አጠበ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ ደግሞ፣ ተይዘው ከነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ብዙዎቹ በአረንጓዴው ሳሎን ተገደሉ።

ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡ። ልክ ዓመት ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተመረቀ። የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲው ከባዶ የተነሣ አልነበረም። በካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረውን የአራት ኪሎውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1945 ዓ.ም. የተከፈተውን የምሕንድስና ኮሌጅ፣ በስዊድን ርዳታ የቆመውን የሕንፃ ኮሌጅ፣ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅና የጎንደርን የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በአንድነት ያቀፈ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መንግሥቱን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አደረገው። ይህ ለመሐንዲስ ቀላል ነገር አይደለም፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ የሚቆምበት ወለል ከመኖሪያ ቤት ወለል ከሦስት እጥፍ በላይ ጭነት እንዲችል ተደርጎ ይሰላልና። ለመኖሪያ የታሰበ ቤት ለንባብ ሲውል ወለሉና ግድግዳው እንደ ገና መመርመር ይኖርባቸዋል። አገልግሎቱ የተለወጠ ሕንፃ ዘወትር የባለሙያ ዓይን ይሻል።

ሕንፃ በርክክብ ቀን አያልቅም። የሠራው ሰው ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ተከታዩ ትውልድ የሚያውለው ለሌላ ነው። ዛሬ በከተማችን አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ በሚሠራበት ወቅት፣ በማፍረሻው ወረቀት ላይ የምንፈርም መሐንዲሶች የግድግዳውን ስንጥቅ ብቻ መርምረን ብናበቃ ጉዳቱ የማይጠገን ይሆናል። ያ ደረጃ የውርደት ምልክት ነው ተብሎ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ፣ በላዩ የተቀመጠው አንበሳ የሚናገረውን ማን ይናገርልን ነበር?