የመጀመሪያው ዓመት አንባቢ ስንት ነበር?

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሦስቱ በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ነገር ጻፉልኝ። የየራሳቸውን ጦማር ከከፈቱ ዓመት ሞላቸው። ቁጥሩን አዩት፣ ከዚያ ለማቆም አሰቡ። አንደኛው «ቲቸር፣ በዓመት ውስጥ የገባልኝ ሰው አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ አይሞላም» ብሎኛል። ምክር መስጠት ብዙም አልችልበትም። የታሪክ አስተማሪ ነኝና ወደ ኋላ ሄዶ ማየቱ ይቀለኛል። ለመሆኑ እዚህ አገር መጻፍ የጀመሩ ሰዎች በመጀመሪያው ጊዜ ስንት አንባቢ ነበራቸው? ማንስ ቆጠረላቸው?

በምኒልክ ዘመን እንጀምር። ብላታ ገብረ እግዚአብሔር የሚባሉ የሐማሴን ሰው በእጃቸው እየጻፉ ያሰራጩት የነበረ ጽሑፍ በአገራችን የፕሬስ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ይጠቀሳል። ማተሚያ የለም፣ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት የለም፤ አንድ ሰው፣ ብዕርና ወረቀት። ከዛሬው ጦማሪ ጋር የሚመሳሰል ሰው ከፈለጋችሁ እሳቸው ናቸው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ «አእምሮ»ን ጀመረ። ስሙን ያወጡለት ራሳቸው ምኒልክ ናቸው። ሲጀመር በእጅ እየተገለበጠ የሚሠራጨው ቅጂ 24 ብቻ ነበር! በኋላ ማባዣ መሣሪያ ሲገኝ ወደ 200 አደገ። ዛሬ አንድ ልጥፍ 24 ላይክ ቢያገኝ ስንቶቻችን ነን ቶሎ የምናጠፋው?

ግን እነዚያ 24 ቅጂዎች የሄዱት ወዴት ነው? ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ መኳንንቱ ቤት። በዚያን ጊዜ ደግሞ ትልቅ ሰው ቤት ወረቀት ሲገባ ባለቤቱ ለብቻው ጥግ ይዞ አያነብም። ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ የተቀመጠው ይሰማል፣ የሰማው ሌላ ቦታ ሄዶ ያወራል። 24 የሚለው የወረቀቱ ቁጥር እንጂ የጆሮው አይደለም።

ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ የበለጠ ይታወቃል። ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ጀመረ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣ ነበር፣ አዘጋጁ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ከኋላው አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ አሉ፣ የራሱ ማተሚያ ቤት አለ። ይህ ሁሉ ድጋፍ እያለው ሥርጭቱ 500 ቅጂ አካባቢ ነበር። በሃምሳ ሁለት ሳምንት ብታባዙት በዓመት 26,000 ቅጂ ይሆናል፤ አንድ ቀልደኛ ቲክቶከር በአንድ ምሽት የሚያገኘው። ሆኖም የዚያን ጊዜ ወጣት ምሁራን ስለ ትምህርት፣ ስለ አስተዳደር፣ ስለ ባሪያ ንግድ የተከራከሩበት መድረክ እሱ ነው። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ዘለቀ። የዚያን ዘመን አስተሳሰብ ማጥናት የፈለገ ሁሉ ዛሬም የሚያገላብጠው እሱን ነው። እነዚህን አንባቢዎች የትኛው ዓመት ላይ እንደምንቆጥራቸው አላውቅም።

ጣሊያን ጋዜጣውን አስቀረው፣ ለሰፈራችን ግን ስም ጥሎለት ሄደ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ኢንቺስ የተባለው መሥሪያ ቤት ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው፤ «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ነውና። ስለ ካዛንቺስ ሲወራ ብዙ ጊዜ ሆቴሉና የምሽት ሕይወቱ ነው የሚነሳው። የንባብ ነገር ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም፣ ይህ ትንሽ ያናድደኛል።

ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ሲፈላ፣ አዲስ አበባ ላይ የጋዜጣ ኪራይ የሚባል ሥራ ተስፋፋ። ዋናው ቦታ አራት ኪሎ ቢሆንም እኛም ሰፈር ነበር። አዟሪው ጋዜጣውን በሳንቲም ያከራያል፣ ተከራዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነብና ሳይጨማድድ ይመልሳል። ቶሎ ካልመለሰ ጭቅጭቅ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቅ አለና። አሳታሚው ይህን አይወደውም ነበር፤ እውነቱን ነው፣ የሚደርሰው የአንዷ ቅጂ ሽያጭ ብቻ ነው። ስለዚህ በአሳታሚው መዝገብ አንድ ተብሎ የተጻፈው አንባቢ ሜዳ ላይ አሥርም አሥራ አምስትም ሰው ነበር።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ ልምጣ፣ እሱም መነሻው ሰፈራችን ነውና። ጥር 1989 ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት ከመጀመሩ ዓመታት በፊት፣ ካዛንቺስ አፋፍ ላይ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ በሚባለው የመረጃ ክፍሉ በኩል ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። አሠራሩ የፖስታ ቤት ዓይነት ነው፤ መልእክቱ ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ በተራ የስልክ መስመር ለንደን ተደውሎ የተጠራቀመው ይላካል፣ የመጣው ይወሰዳል። እዚህም መልእክቱ የሚደርሰው ለአንድ አድራሻ ይሁን እንጂ ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

ከዚያ ጦማሩ መጣ። ምርጫ 97 አካባቢ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ጦማሮች በዙ፣ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ። እዚሁ አዲስ አበባ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ አንድሪው ሄቨንስ የራሱን ጦማር «መስቀል አደባባይ» ብሎት ነበር፤ የቂርቆስ ልጆች፣ በአደባባያችን ስም መሆኑ ነው። በግንቦት 1998 ብሎግስፖት ላይ ያሉ ጦማሮች በሙሉ ከአገር ውስጥ አልከፈት አሉ። መንግሥት አልዘጋሁም አለ። ገጹ ግን አይከፈትም።

ለተማሪዎቼ በደንብ ማስረዳት የምፈልገው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ግንቦት 2004 ላይ ጥቂት ወጣቶች «ዞን ዘጠኝ»ን ጀመሩ። ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች ስለነበሩት፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጪ ያለነው እኛ ነን ለማለት ነው። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ነበር። «ጦማር» በግዕዝ ደብዳቤ ማለት ነው፤ ያረጀው ቃል ለብሎግ መዋሉን ያኔም ወድጄዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ገጹ ተዘጋ። ሌላ አድራሻ ከፈቱ፣ ያም ተዘጋ። ጽሑፉ ወደ ፌስቡክ እየወጣ ተነበበ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሕገ መንግሥቱ ይከበር የሚለውን ጨምሮ የኦንላይን ዘመቻዎች አካሄዱ።

የዚህን ጦማር የመጀመሪያ ዓመት ቁጥር እንዴት እናነበዋለን? የጎብኚ መቁጠሪያ የሚያየው ሰውን ሳይሆን አድራሻን ነው። ካዛንቺስ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ በፕሮክሲ የገባ ልጅ መቁጠሪያው ላይ አሜሪካዊ ወይም ሆላንዳዊ ሆኖ ይመዘገባል። ጽሑፉን ገልብጦ በፍላሽ ለጓደኞቹ የወሰደ ልጅ አንድ ሆኖ ይቆጠራል፣ ጓደኞቹ የሉም። አትሞ ለአባቱ የሰጠ ደግሞ አለ፣ አባትየው የትም አይገኙም። ቁጥሩን ያየ ሰው «አንባቢያቸው ዳያስፖራ ነው» ቢል አይፈረድበትም። (ቁጥር ሁልጊዜ ያሳንሳል ማለቴ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። ራሳችን ገጻችንን በቀን አሥር ጊዜ እየከፈትን የምንጨምረውም አለ።)

አንባቢያቸው እዚሁ እንደነበረ ማስረጃ የሚሆነኝ መቁጠሪያው ሳይሆን የደረሰባቸው ነው። ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ። በክሱ ውስጥ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ሳይቀር ተጠቅሷል። አምስቱ ሐምሌ 2007፣ ሌሎቹ ጥቅምት 2008 ወጡ። እንደ መቁጠሪያው ቢሆን አንባቢው ሆላንድ ነበር፤ ሆላንዳዊ ለሚያነበው ደግሞ ማዕከላዊ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ሰኔ 2010 ላይ መንግሥት 264 ድረ ገጾች መከፈታቸውን አስታወቀ። ብዙው ጸሐፊ ግን እስከዚያ ወይ ተሰዷል፣ ወይ መጻፍ ትቷል፣ ወይ ፌስቡክ ላይ ቀርቷል። የጋዜጣ ኪራዩም ከጋዜጦቹ ጋር ጠፋ። ካዛንቺስ ራሱ በ2017 ሲፈርስ ነዋሪው ወደየዳርቻው ተበተነ፣ ኢንተርኔት ቤቶቹም አብረው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከ1998 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የተዘጋ ጦማር በፕሮክሲ ያነበባችሁ፣ በፍላሽ የተቀበላችሁ፣ በተለይ ደግሞ የታተመ ወረቀት ቤታችሁ ውስጥ ያለ፣ እዚህ ታች ጻፉልኝ፤ የት ሰፈር ሆናችሁ እንዳነበባችሁና ለስንት ሰው እንዳስተላለፋችሁም ጨምሩበት። በስም መጻፍ የማይመቻችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የሦስቱን ልጆች ጦማርም ሊንኩን ከፈቀዱልኝ ነገ እዚህ አስቀምጠዋለሁ።