የንፍሮ ከተማና እንግዶቿ

የዛሬው ወጌ ከደቡብ ህንድ ነው፤ ዓመቱንም በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።

ቪራ ባላላ የሚባል ንጉሥ ነበረ አሉ። አደን ወጣና ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፋበት፣ ከዚያ መሸበት፣ ከዚያ ራበው፣ በመጨረሻም የአንዲት አሮጊት ጎጆ አገኘና ጎንበስ ብሎ ገባ። አሮጊቷ ያላት ባቄላ ነበረና ቀቅላ አቀረበችለት። ንጉሡም በልቶ ሲጠግብ ስፍራውን «የንፍሮ ከተማ» አለው፤ ባንጋሎር የተባለችው በዚህ ነው ይላሉ። የታሪክ ሊቃውንት፣ ስሙ ከንጉሡ በፊት በድንጋይ ተቀርጾ ተገኝቷልና ተረት ነው ብለው ያልፉታል። ይሁንላቸው። እኔ ግን የማወራው ስለ እንግዳና ስለ አስተናጋጅ ነውና አሮጊቷን ከደጅ አልመልሳትም።

ብዙ ዘመን አለፈና በ1985 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ የቺፕ ኩባንያ የያችኑን ከተማ በር አንኳኳ። ባንጋሎር ከባሕር ወለል ከ900 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ ወይና ደጋችንን ይመስላል፤ ግን ለነፋሻ አየር ብሎ ውቅያኖስ የሚሻገር ኩባንያ የለም። የህንድ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከ1909 ጀምሮ እዚያ ነበረ፣ ከዚያ በ1940 የአውሮፕላን ፋብሪካ ተተከለ፣ ከዚያ የሬዲዮና የራዳር ፋብሪካ መጣ፣ ከዚያ የጠፈር ምርምሩ ተከተለ። እንግዳው የደረሰው መሶቡ ሞልቶ ሳለ ነው፤ የሞላውም በአብዛኛው በመንግሥት ገንዘብ ነበር።

የስልኩ መስመር ግን የሚታመን አልነበረም። መሐንዲሶቹ የነደፉትን ወደ አሜሪካ ለመላክ የራሳቸው የሳተላይት ዲሽ አስፈለጋቸው። ዲሹ መጣ፣ ከዚያም በበሬ ጋሪ ተጫነ። እስቲ እዚህ ላይ አብረን ቆም እንበል። በባንጋሎር ጎዳና ሰማይን የሚያናግር መሣሪያ እየሄደ ነው፤ ፍጥነቱም የበሬ እርምጃ ነው።

ከዚያ በኋላ አንዱ እንግዳ ሌላውን ጠራ። አንዱ ኩባንያ ያሠለጠነውን መሐንዲስ ጎረቤቱ መንገድ ተሻግሮ ይቀጥረዋል፣ ከሥራ የተሰናበተውም ቤት ሳይለቅ ሌላ ሥራ ያገኛል፣ ይህን የሰማ ተመራቂ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ኩባንያዎቹ ተመራቂውን ተከትለው ይመጣሉ። በአንድ ሰፈር የሚከማቹት ስለሚዋደዱ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ሰው ስለሚፈልግ ነው።

ወደ ሰሜን፣ የአንድ ሌሊት የባቡር መንገድ ርቃ ሃይደራባድ ይህን ታይ ነበር። ቻንድራባቡ ናይዱ በ1995 የአንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆነ፣ ከዚያ በ1997 ቢል ጌትስ ዴልሂ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ለምኖ ላፕቶፑን ይዞ ገባ፣ የግዛቱንም ነገር እያሳየ አስረዳው። በዓመቱ ማይክሮሶፍት ሃይደራባድ ላይ የልማት ማዕከል ከፈተ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ድርቅ የመታው ገበሬ ግን ከኩባንያዎቹ ማማዎች ጥላ ውጭ ነበርና፣ በ2004 ናይዱ በምርጫ ወደቀ። በ2014 ደግሞ ግዛቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ናይዱ በሃይደራባድ ያቋቋማት የቴክኖሎጂ ሰፈርም ለተገነጠለው ለቴላንጋና ደረሰች።

ባንጋሎርስ? እንግዳው በዝቶ ቤቱ ጠበባት። ቆሻሻ የገባበት የቤላንዱር ሐይቅ አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያም፣ ውሃ ነው የምላችሁ፣ በእሳት ተያያዘ። በ2022 አንድ የኩባንያ መሥራች ስለ መንገዱና ስለ መብራቱ ቢያማርር፣ የቴላንጋናው ሚኒስትር ራማ ራኦ ሻንጣህን አስረህ ወደ ሃይደራባድ ና ሲል በአደባባይ ጠራው። በዚያው ዓመት መስከረም ዝናቡ ወረደ፣ ኩባንያዎቹ የተሰለፉበት የቀለበት መንገድ ሐይቅ ሆነ፣ መኪናዎቹ ሰጠሙ፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎችም ላፕቶፓቸውን በደረታቸው አቅፈው በእርሻ ትራክተር ተጭነው ቢሮ ገቡ።

ናይዱ አርጅቶ፣ በ2024 በተረፈችው አንድራ ፕራዴሽ ተመልሶ ሥልጣን ያዘ። በጥቅምት 2025 ጉግል በባሕር ዳሯ ቪሻካፓትናም ላይ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆን የዳታ ማዕከል፣ በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር አፈስሳለሁ አለ። የዳታ ማዕከል፣ ልንገራችሁ፣ እንደ መሐንዲሶች ቢሮ አይደለም፤ መብራትና ውሃ አብዝቶ ይጠጣል እንጂ ሰው አብዝቶ አይቀጥርም። የባንጋሎሩ ክፍለ ግዛት ሚኒስትርም ይህንን ነው የጠየቀው፤ ለመሬቱ፣ ለውሃው፣ ለመብራቱ የተሰጠውን ቅናሽ ለምን ለሕዝቡ አትናገሩም አለ። የናይዱ ልጅ ናራ ሎኬሽም ሚኒስትር ነውና መልስ ሰጠ፤ የአንድራ ምግብ ያቃጥላል ይባላል፣ የእኛም ኢንቨስትመንት እንደዚያው ሳይሆን አልቀረም፣ ጎረቤቶቻችንን ከወዲሁ እያቃጠላቸው ነው አለ። በበርበሬዋ ስመ ጥር የሆነችው የጉንቱር ወረዳ በዚያው ግዛት ውስጥ ናት።