ተፈጥሮን ለመጠበቅ ንብረት ማውደም፦ ተገቢ ነውን? ውጤትስ ያመጣልን?

ደን ሊመነጥር የቆመ ዶዘር በሌሊት ተሰባብሮ ቢገኝ፣ የሰበረው ሰው ወንጀለኛ ነው ወይስ የደን ጠባቂ? ይህ ጥያቄ በአሜሪካና በአውሮፓ ከሃምሳ ዓመት ለማያንስ ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። መልሱ በደንና በእርሻ መሬት ላይ ኑሮውን ለመሠረተ አርሶ አደርም ሆነ ከወንዝ ውሃ ለሚጠጣ የከተማ ነዋሪ ትርጉም አለው።

ድርጊቱ በውጭ ቋንቋዎች "ሳቦታጅ"፣ በአማርኛ ደግሞ "አሻጥር" ይባላል። የአካባቢ ጥበቃ አሻጥር ማለት ተፈጥሮን ይጎዳል የተባለን ሥራ ለማስቆም መሣሪያን፣ ሕንፃን ወይም መስመርን ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። ከሰላማዊ ሰልፍ፣ ከአቤቱታና ከክስ የሚለየው ንብረት በማጥፋቱና አብዛኛውን ጊዜ በድብቅ በመፈጸሙ ነው።

አጀማመሩ

አሜሪካዊው ደራሲ ኤድዋርድ አቢ እ.ኤ.አ በ1975 ባሳተሙት ልቦለድ፣ በረሃውን ከግንባታ ለማዳን ማሽኖችን የሚያበላሹ ሰዎችን ታሪክ ተረኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው አገር "ኧርዝ ፈርስት"፣ ትርጉሙም "ምድር ትቅደም" የተባለ እንቅስቃሴ ተመሠረተ። ከእንቅስቃሴው ጋር ስማቸው ከተያያዙት ድርጊቶች አንዱ በዛፍ ግንድ ላይ የብረት ችንካር መምታት ነበር። ሐሳቡ ብረቱ መጋዝን ስለሚሰብር እንጨት ቆራጩ ኩባንያ ኪሳራን ፈርቶ ደኑን ይተዋል የሚል ነው።

እ.ኤ.አ በ1987 ግን በካሊፎርኒያ በአንድ የጣውላ መሰንጠቂያ ፋብሪካ መጋዙ ከችንካር ጋር ተጋጭቶ ተበጠሰ፤ የ23 ዓመት ሠራተኛም ፊቱ ላይ ክፉኛ ተጎዳ። ችንካሩን ማን እንደመታው በፍርድ አልተረጋገጠም። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ ደኑ እንዲቆረጥ የወሰኑት ሰዎች በቢሮ ተቀምጠው ሳለ አደጋው የደረሰው በቀን ሠራተኛ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ በ1990 ጁዲ ባሪ የተባሉት የእንቅስቃሴው አስተባባሪና በሰሜን ካሊፎርኒያ የሚገኙ ጓዶቻቸው ችንካር መምታትን በይፋ ተዉ። ከእንጨት ሠራተኞች ጋር መተባበርን መረጡ።

በዚያው አካባቢ "ሄድዎተርስ" የተባለው ጥንታዊ ደን ለዓመታት ሰልፍ፣ ክስና ድርድር ሲካሄድበት ቆየ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ በ1999 የፌዴራሉና የካሊፎርኒያ መንግሥታት 380 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው 3 ሺህ ሄክታር ያህሉን ገዝተው ከለሉት። ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል።

የደጋፊዎች ሙግት

አሻጥርን የሚደግፉ ወገኖች ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶችን ያቀርባሉ። አንደኛው የጉዳቱ የማይመለስ መሆን ነው። የተሰበረ ማሽን በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ ዘረ እንስሳ ወይም የአምስት መቶ ዓመት ዛፍ ግን አይተካም። ሁለተኛው የሕግ መዘግየት ነው። ክሱ ውሳኔ እስኪያገኝ ደኑ ካለቀ ፍርዱ ምን ይፈይዳል ይላሉ። ሦስተኛው ንብረትና ሕይወት እኩል አይደሉም የሚለው ነው። ስዊድናዊው ምሁር አንድሪያስ ማልም እ.ኤ.አ በ2021 ባሳተሙት መጽሐፍ የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ትግልን የመሳሰሉ እንቅስቃሴዎች ንብረት ማውደምን ይጨምሩ እንደነበር በመጥቀስ፣ የአየር ንብረት ተሟጋቾች ይህን መንገድ ሙሉ በሙሉ መተዋቸውን ይሞግታሉ።

ለዚህ ወገን የሚጠቀስ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ በኅዳር 1986 የ"ሲ ሼፐርድ" አባላት በአይስላንድ ዋና ከተማ ወደብ ከቆሙት አራት የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች ሁለቱን አሰጠሙ። በሦስተኛው ላይ ዘበኛ ስለነበረበት ተዉት፤ ሰውም አልተጎዳም። ሁለቱ መርከቦች ከባሕር ቢወጡም ወደ አደን አልተመለሱም። ይሁን እንጂ አይስላንድ አደኑን ያቆመችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ዓሣዋ እንዳይገዛ በአሜሪካና በጀርመን የተካሄደው ዘመቻ ገበያዋን ጎድቶት ነበር። እ.ኤ.አ በ2003 ለምርምር በሚል፣ በ2006 ደግሞ ለንግድ አደኑን መልሳ ጀመረች።

የተቃዋሚዎች ሙግት

"እሾህን በእሾህ" የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ እንደማይሠራ የሚናገሩት ወገኖች በመጀመሪያ የሚያነሡት አደጋው በማን ላይ ይወድቃል የሚለውን ነው። እሳት ዘበኛን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛንና ጎረቤትን አይለይም።

ሁለተኛው የስሕተት ጉዳይ ነው። በድብቅ የሚሠራ ሰው ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ቅጣት ፈጻሚ ይሆናል። እ.ኤ.አ በ2001 "የምድር ነፃ አውጪ ግንባር" በሚል ስም የሚንቀሳቀሱ ሰዎች፣ የዛፍ ዘረ መል ምህንድስና ይካሄድበታል ብለው በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን የዕፅዋት ማዕከል አቃጠሉ። በእሳቱ ሊጠፉ የተቃረቡ ዕፅዋትን ለማዳን ይካሄድ የነበረ ሥራ ጭምር ወደመ። በፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮ ተከሳሹ መልስ ይሰጥ ነበር፤ እሳት ግን መልስ አይሰማም።

ሦስተኛው ደግሞ መንገዱ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ ሐምሌ 10 ቀን 1985 የፈረንሳይ የስለላ ሠራተኞች የኒውክሌር ሙከራን ለመቃወም የተዘጋጀችውን የ"ግሪንፒስ" መርከብ "ሬይንቦው ዋሪየር"ን በኒውዚላንድ ወደብ በፈንጂ አሰጠሙ። ዒላማው ንብረት ቢሆንም አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ሞተ። ንብረት ማውደም ለአካባቢ ተሟጋች ከተፈቀደ፣ ኃይል ያለው ባላጋራም ያንኑ መሣሪያ ማንሣቱ አይቀርም።

ውጤቱ ሲመዘን

እ.ኤ.አ በ1998 በአሜሪካ ቬይል በተባለ የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ የተለኮሰ እሳት 12 ሚሊዮን ዶላር ያህል ንብረት አወደመ። ቃጠሎው ሊያስቆመው የታሰበው የማስፋፊያ ሥራ ግን ተጠናቀቀ። እ.ኤ.አ በ2016 እና በ2017 ሁለት ሴቶች "ዳኮታ አክሰስ" በተባለው የነዳጅ ዘይት መስመር ላይ ማሽኖችን አቃጠሉ፣ ቧንቧውንም በሱ። ግንባታው ቢዘገይም መስመሩ እ.ኤ.አ በ2017 ሥራ ጀመረ። ከሁለቱ አንዷ የ8 ዓመት እስራት ተፈረደባት።

ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፋን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ 323 ዘመቻዎችን መርምረው ከሰላማዊዎቹ 53 በመቶ፣ ከትጥቅ ዘመቻዎች ደግሞ 26 በመቶ ግባቸውን መምታታቸውን አሳይተዋል። ጥናቱ የመንግሥት ለውጥንና ነፃነትን የሚመለከት በመሆኑ ስለ አሻጥር በቀጥታ ባይፈርድም፣ ብዙ ሕዝብ በግልጽ የሚሳተፍበት ትግል ያለውን ጉልበት ያመለክታል።

በሕንድ የሂማላያ ተራሮች የታየውም ይህንኑ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ ከ1973 ጀምሮ "ቺፕኮ" በተባለው እንቅስቃሴ የገጠር ሴቶችና ወንዶች ዛፎችን በማቀፍ ቆራጮችን መለሱ። ማሽን አልሰበሩም፤ ፊታቸውንም አልሸፈኑም። እ.ኤ.አ በ1980 መንግሥት በአካባቢው የዛፍ ቆረጣን ለ15 ዓመታት ከለከለ።

ከኢትዮጵያ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በኢትዮጵያ የማውደም ታሪክ በተቃራኒው አቅጣጫ ታይቷል። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ብዙ ተራሮች እርከን ተሠራላቸው፤ ችግኝም ተተከለባቸው። አርሶ አደሩ ግን በአብዛኛው አልተመከረበትም፤ ዛፉ የማን እንደሆነም በግልጽ አያውቅም ነበር። በ1983 ዓ.ም ሥርዓቱ ሲወድቅ በርካታ የማኅበረሰብ ደኖች ተመነጠሩ፤ በየቦታው እርከኖችም ፈረሱ። ሰው "የእኔ" ያላለውን አይጠብቅም። በአንጻሩ በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች ተራራቸውን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አድርገው፣ በራሳቸው ሕግ በመጠበቃቸው አካባቢው አገግሞ እ.ኤ.አ በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚመራውን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል።

ሕጉ የሚሰጠው መንገድ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ይችላል።

በመሆኑም ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ወንዙን የበከለበት አርሶ አደር ከብቶቹ እስኪያልቁ መጠበቅ አይኖርበትም። በከተማ የሚኖር ጎረቤቱም ስለዚያው ወንዝ ማመልከት ይችላል። አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ ቀን ቢኖረው፣ የገቢ ቁጥር ቢሰጠውና ቅጂው በአመልካቹ እጅ ቢቀር የ30 ቀኑን ጊዜ ለመቁጠር ይረዳል። የውሃው ቀለም የተለወጠበትን ቀን መመዝገብና ፎቶግራፍ ማንሣትም ማስረጃ ይሆናል።

ይህ መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። የአሻጥር ደጋፊዎች ሙግት ጉልበት የሚያገኘውም እዚሁ ላይ ነው፤ አቤቱታ በመዝገብ ቤት ሲያድርና ሲከርም የተቆጣ ወጣት ክብሪት ያነሣል። ስለዚህ "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው ብሂል በቅድሚያ የሚመለከተው አቤቱታውን የተቀበለውን መሥሪያ ቤት ነው።