መንግሥት የተረከባት ከተማ

ስለ አሜሪካ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ኒው ዮርክና ስለ ዋሽንግተን ነው። እኔ ግን ለአንባቢ የማቀርበው በፍሎሪዳ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ በምትገኝ ደሴት ላይ ስለ ተሠራችው ትንሽ ከተማ ስለ ኪ ዌስት ነው። (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ኪ ዌስት ቀድሞ በሲጋራ ፋብሪካና በስፖንጅ ንግድ የበለጸገች ነበረች። ሁለቱም ሥራ ወደ ሌሎች የፍሎሪዳ ከተሞች ሄዶባት ሳለ የ1929 የኤኮኖሚ ውድቀት ደረሰባትና ከ12 ሺህ ሕዝቧ የሚበዛው በርዳታ የሚኖር ሆነ። ዕዳዋን መክፈል ስላቃታት በጁላይ 1934 ሹማምንቷ ሥልጣናቸውን ለአገረ ገዥው አስረከቡ፤ እርሱም ጉዳዩን ለፌዴራሉ የርዳታ መሥሪያ ቤት ሹም ለሚስተር ጁልየስ ስቶን አስተላለፈው።

ሚስተር ስቶን ሕዝቡን ወደ ሌላ ስፍራ ከማዛወር ይልቅ ከተማይቱን የጎብኚዎች ማረፊያ ማድረግ ይሻላል ብሎ ቈረጠ። ነዋሪዎቹም ሁለት ሚሊዮን ሰዓት ያህል ያለ ደመወዝ ለመሥራት ቃል ገቡ። ቆሻሻው ተጠረገ፤ ቤቶች ታደሱ፤ ሰዓሊዎች እንኳ ከተማይቱን የሚያስተዋውቅ ሥዕል እንዲሥሉ ተቀጠሩ። በዚያ ይኖር የነበረው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ቤቱ ከሚጐበኙት ስፍራዎች ዝርዝር ውስጥ በመግባቱ አልተደሰተም፤ እኔም ብሆን አልደሰትም ነበር።

ነገር ግን ጎብኚ ያለ መንገድ አይመጣም። የባቡር ሐዲድ ነበር፤ የመኪናው መንገድ ግን መካከሉ ላይ ተቋርጦ በጀልባ የሚሻገሩበት ነበር። ክፍተቱን በድልድይ ለመሙላት መንግሥት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው ሥራ ያጡ ወታደሮችን አምጥቶ ከባሕሩ እምብዛም ከፍ በማይሉት ደሴቶች ላይ በድንኳንና በቀላል የእንጨት ቤት አሰፈራቸው። በ1932 የተስፋ ገንዘባችን ይከፈለን ብለው ዋሽንግተን ድረስ ሄደው በጦር ኀይል የተበተኑም ከመካከላቸው ነበሩ።

በሴፕቴምበር 2 ቀን 1935 ማታ እጅግ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። ሰዎቹን እንዲያወጣ የተላከው ባቡር ዘግይቶ ደረሰ፤ ባሕሩም እንደ ግድግዳ ተነሥቶ ከሎኮሞቲቩ በቀር ፉርጎዎቹን ሁሉ ገለበጣቸው። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነርሱም ከ250 የሚበልጡት ወታደሮቹ ናቸው። ኪ ዌስት ራሷ ብዙ ጉዳት አላገኛትም። ሄሚንግዌይ በጀልባ ሄዶ ሬሳቸውን አየና፣ በዐውሎ ነፋስ ወራት እነዚህን ሰዎች እዚያ ያስቀመጣቸው ማን ነው ሲል በቍጣ ጻፈ። የመጀመሪያዎቹ የመንግሥት መርማሪዎች አደጋው የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ጥፋተኛ የለም አሉ። ባቡሩን ቀደም ብሎ ማዘዝ ግን የሰው ሥራ ነበር።

የፈረሰውን ሐዲድ የፍሎሪዳ መንግሥት ገዝቶ በድልድዮቹ ላይ የመኪና መንገድ አሠራበት፤ መንገዱም በ1938 ተከፈተ። በዚሁ መንገድ ዳር፣ ኢስላሞራዳ በተባለው ስፍራ፣ የብዙ ሟቾች ዐመድ ያረፈበት የድንጋይ ሐውልት ይታያል። በ1937 የተመረቀው ይህ ሐውልት የተሠራውም በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ነው።