ከሬዲዮ ጠጋኞች ጠረጴዛ የተገኘ ድምፅ

የኤሌክትሪክ ጊታር ሲደመጥ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የተጫዋቹን ጣት ነው። ይሁን እንጂ ከጊታሩ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት እጅግ ደካማ በመሆኑ፣ በተጫዋቹና በአድማጩ መካከል ሌላ መሣሪያ መቆም ግድ ይሆንበታል። ይኸውም አምፕሊፋየር ነው። የዚህ መሣሪያ ታሪክ በታላላቅ የምርምር ተቋሞች ብቻ ሳይሆን በሬዲዮ ጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ ጭምር የተሠራ ስለሆነ፣ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚያካፍለው ቁም ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ቫልቭ ነው። አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በ1906 ባደረገው ሙከራ፣ አስቀድሞ በሚታወቀው ባለሁለት ኤሌክትሮድ ቫልቭ ላይ ሦስተኛ ኤሌክትሮድ ጨመረበት። በብልቃጡ ውስጥ የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ አኖድ የተባለው ሰሌዳ ይስባቸዋል፤ በመካከላቸው የተዘረጋው ግሪድ ደግሞ እንደ መስኖ መዝጊያ ፍሰታቸውን ይቆጣጠራል። በግሪዱ ላይ የሚደርሰው ጥቂት የቮልቴጅ ለውጥ በአኖዱ በኩል ትልቅ ለውጥ ስለሚያስከትል፣ ደካማው ምልክት ይጎለብታል።

ይህን ዕውቀት ለጊታር ካዋሉት ሰዎች አንዱ ሊዮ ፌንደር ነው። ፌንደር በ1938 በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ፤ በ1945 ከባልደረባው ከዶክ ካውፍማን ጋር ጊታርና አምፕሊፋየር ወደ መሥራት ተሻገረ፤ በ1946ም በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አቋቋመ። ከሥራዎቹ መካከል በ1950ዎቹ የወጣው፣ አራት ባለ10 ኢንች ስፒከሮች ያሉት ባስማን ለቤዝ ጊታር ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ የተራው ጊታር ተጫዋቾች ወደውት የራሳቸው አደረጉት። በፌንደር አምፕሊፋየሮች ላይ በሚለጠፈው ወረቀትም፣ ሰርኪዩቱ በታላላቅ የአሜሪካ የቴሌፎን ድርጅቶች ፓተንት በፈቃድ የተሠራ መሆኑ ይገለጽ ነበር። እንግዲህ ምንጩ ራሱ ከሌሎች ዕውቀት የተቀዳ ነበር ማለት ነው።

ወሳኙ ምዕራፍ የተከፈተው ግን በለንደን ነው። ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ የነበረው ጂም ማርሻል በ1960 በምዕራብ ለንደን፣ በሃንዌል፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። ወደ ሱቁ የሚመላለሱ ወጣት ጊታረኞች፣ ፒት ታውንሼንድን የመሰሉ፣ የሚሹት ከበድ ያለ ድምፅ ነበር፤ የአሜሪካው ዕቃ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ውድና ብርቅ ነበር። በዚህ ጊዜ የሱቁ ጠጋኝ ኬን ብራን፣ በኢ.ኤም.አይ. ድርጅት የሙያ ተለማማጅ ከነበረው ወጣት ከደድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ፣ ባስማኑን እንደ አርአያ በመውሰድ ሥራውን ጀመረ። ብዙ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ጄ.ቲ.ኤም. 45 የተባለው አምፕሊፋየር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ በቃ።

የሰርኪዩቱ ንድፍ ከባስማኑ ጋር ሲተያይ መንትያ ይመስላል። ሆኖም ድምፁ አንድ አልሆነም። ምክንያቱም ሠሪዎቹ የተጠቀሙት በአገራቸው ገበያ በተገኘው ዕቃ ነው። በመጀመሪያው የማጉያ ደረጃ ፌንደር ያስገባው ቫልቭ የማጉላት መጠኑ 44 ያህል ሲሆን፣ እንግሊዞቹ የተኩት ኢ.ሲ.ሲ. 83 ግን እስከ 100 ይደርሳል። የአሜሪካው የኃይል ቫልቭም ቆየት ብሎ በእንግሊዙ ኬ.ቲ. 66 ተተካ። ትራንስፎርመሩ ሌላ ነው፤ ስፒከሮቹም ጀርባው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የተገጠሙ ባለ12 ኢንች ሴሌስቲዮኖች ናቸው። ስለዚህ ምልክቱ ቶሎ ከልክ ያልፋል፤ ድምፁም ይሻክራል።

በመሐንዲስ መጽሐፍ ይህ መሻከር ጉድለት ይባላል፤ ሊወገድም ይገባዋል። ጊታረኛው ግን ድምፁን የሚያረዝም፣ ለክሩ የሰው ጉሮሮ የሚሰጥ ነገር አገኘበት። በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዬል ጋር በቀረጸው ሸክላ ላይ የማርሻሉ ድምፅ ከተሰማ ወዲህ ጉድለቱ እንደ ወግ ተቈጠረ። በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ቫልቭን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ባስወጣበት ዘመን እንኳ፣ ከጊታር አምፕሊፋየር ሊያስወጣው አልቻለም። ራስል ሃም በ1973 በድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ማጉያዎች ከአቅም በላይ ሲጫኑ በቫልቭ ሁለተኛው ሃርሞኒክ፣ በትራንዚስተር ደግሞ ሦስተኛው እንደሚያይል አመልክቷል። ይሁንና ሁለት የኃይል ቫልቮች እየተፈራረቁ በሚሠሩበት የመጨረሻ ደረጃ ጥንድ ቁጥር ያላቸው ሃርሞኒኮች እርስ በርሳቸው ስለሚጣፉ፣ ጉዳዩ በዚህ ብቻ የሚቋጭ አይደለም።

ዛሬም በየአገሩ የባስማኑንና የማርሻሉን ንድፍ ተከትለው በቤታቸው አምፕሊፋየር የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ከሁሉ በፊት ሊነገር የሚገባው ማስጠንቀቂያ ነው። በቫልቭ አምፕሊፋየር ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ከ400 በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ካፓሲተሮቹም መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ጭነታቸውን ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ በሬዚስተር አማካይነት ሳያራግፉና በቮልት መለኪያ ሳያረጋግጡ እጅን ማስገባት ሞትን መጋበዝ ነው። የብረት አካሉንም ከመሬት መስመር ጋር ማገናኘት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በ1972 ጊታረኛው ሌስ ሃርቪ በዌልስ፣ በስዋንሲ ከተማ፣ በመድረክ ላይ ሳለ የመሬት መስመር የሌለውን ማይክሮፎን በመንካቱ ሕይወቱ አልፏል። የመሬቷ ሽቦ ለድምፁ የምትጨምረው ውበት ባይኖርም የተጫዋቹ ነፍስ የተንጠለጠለችው በእርሷ ላይ ነው።

በጠቅላላው ይህ ታሪክ የሚያስተምረን፣ መቅዳትና መፍጠር እንደሚታሰበው የተራራቁ አለመሆናቸውን ነው። ብራንና ክሬቨን ሊቀዱ ተነሡ፤ ያልተገኘውን በተገኘው ሲተኩ አዲስ ድምፅ ወለዱ። ከውጭ የመጣውን ዕቃ በእጁ ባለው መለዋወጫ የሚጠግን ባለሙያም ይህንኑ መንገድ በየዕለቱ ይሄድበታል። ልዩነቱ፣ የተካው ዕቃ ምን እንዳመጣ ቆም ብሎ ማድመጡና ያገኘውን በጽሑፍ ማስቀመጡ ላይ ነው። ይህን ያላደረገ ጠጋኝ መሣሪያውን ሲያድን፣ ዕውቀቱን ግን ከራሱ ጋር ይቀብረዋል።