የዲሹ ጥፋት አልነበረም

ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ስለዚህ በኦስሎዋ ሆልምሊያ የምንተክለው ዲሽ ወደ ደቡብ አድማስ ዝቅ ብሎ ያያል፤ የአዲስ አበባው ግን ሽቅብ ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 አቶ መለስ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን መዘጋጀታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። በዚያው ዓመት የተጀመረው ኢሳትም በተደጋጋሚ ታፈነ። ወገኖቻችን ደውለው «ምስሉ ጠፋ» ሲሉን፣ «በዚያው ሳተላይት ሌሎቹ ጣቢያዎች ይታያሉ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። የሚታዩ ከሆነና ፍሪኩዌንሲው ካልተለወጠ፣ ዲሹም ገመዱም ደህና ነው ማለት ነው።

«ታፈነ» የሚለውን ቃል ግን በስልክ አይደፍሩትም። «ደመና ሳይሆን አይቀርም» ይሉናል፤ ያውም በጥር፣ በጠራራ ፀሐይ! እኛም ገብቶን ዝም እንል ነበር።