ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚሰጥ የሕፃናት ማቆያ ድጎማ፦ የዩናይትድ ስቴትስ ልምድ ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

አንዲት እናት ሥራ ስትይዝ በሥራ ሰዓት ልጇን የሚጠብቅላት ሰው ወይም ድርጅት ማግኘት ይኖርባታል። ለዚህ የምትከፍለው ገንዘብ ከደመወዟ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ የሥራው ጥቅም ይጠፋል፤ ክፍያውን ለማዳን ስትል ልጇን ያለ በቂ ጠባቂ ብትተው ደግሞ ጉዳቱ በሕፃኑ ላይ ያርፋል። በዚህም ምክንያት የሕፃናት ማቆያ ወጪ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትምህርትና የኢኮኖሚ ዕቅድ ጉዳይ ጭምር ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራሉ መንግሥት ይህን ወጪ በስፋት መጋራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ታሪክ ውስጥ አንድ ባሕርይ ደጋግሞ ይታያል። ድጎማው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለሌላ ዓላማ ማስፈጸሚያ ስለ ነበር፣ ያ ዓላማ ሲያበቃ ድጎማውም አብሮ ቆሟል። ይህ ጽሑፍ ሂደቱን በቅደም ተከተል በመመልከት ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ያመለክታል። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የኢኮኖሚ ቀውስና የአስቸኳይ ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት

በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት፣ በጥቅምት 1933፣ የፌዴራሉ የአስቸኳይ እርዳታ አስተዳደር ከችግረኛ ቤተሰቦች ለተወለዱ ሕፃናት የአስቸኳይ ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት እንዲከፈቱ ፈቀደ። የዚህ ውሳኔ ዋና ምክንያት ሥራ ያጡ መምህራን፣ ነርሶች፣ ምግብ አብሳዮችና የጽዳት ሠራተኞች ደመወዝ እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። ወዲያውም 1,900 ገደማ መዋዕለ ሕፃናት ተቋቁመው 75 ሺህ የሚደርሱ ሕፃናትን ተቀበሉ። ለሕፃናቱ ምግብና የጤና ምርመራ ይሰጣቸው ነበር፤ ቤተሰቦቻቸውም አይከፍሉም ነበር። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ የተመሠረተው በመምህራኑ ሥራ አጥነት ላይ በመሆኑ፣ የጦርነቱ ዘመን ለሁሉም ሥራ ሲያስገኝ መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1943 ተዘጋ።

የጦርነቱ ዘመን

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወንዶች ወደ ግንባር ሲዘምቱ ሴቶች በብዛት ወደ ፋብሪካ ገቡ። ላንሃም ተብሎ በሚጠራው ሕግ ለጦር መሣሪያ ማምረቻ አካባቢዎች የተመደበው ገንዘብ ለሕፃናት ማቆያም እንዲውል ተደረገ። በ1944 አጋማሽ ከ3,000 በላይ ማቆያዎች 130 ሺህ ያህል ሕፃናትን ይዘው ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት በጠቅላላው 52 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣ ሲሆን፣ ቀሪውን ወጪ ማኅበረሰቡና ወላጆች ይሸፍኑ ነበር። አንዲት እናት ለአንድ ልጅ በቀን 50 ሳንቲም፣ ኋላም እስከ 75 ሳንቲም ትከፍል ነበር። ለመግባት የገቢ ምርመራ አይጠየቅም ነበር።

በኦሬገን ክፍለ ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ የካይዘር የመርከብ መሥሪያዎች በ1943 የከፈቷቸው ሁለት ማቆያዎች በዚያን ጊዜ ከታዩት ሁሉ የተሟሉ ነበሩ። ሕንፃዎቹ በሥራው ቦታ መግቢያ ላይ ስለ ነበሩ እናቶች ልጆቻቸውን ለማድረስ ሌላ መንገድ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ማቆያዎቹ በሌሊት ፈረቃ ለሚሠሩትም ክፍት ነበሩ። እናት ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ለቤተሰቧ የሚሆን የተዘጋጀ ምግብ ገዝታ ልትወስድ ትችል ነበር። ነገር ግን እነዚህም ቢሆኑ በ1945 የመርከቡ ሥራ ሲያበቃ ተዘጉ።

በነሐሴ 1945 መንግሥት ገንዘቡን እንደሚያቋርጥ ሲያስታውቅ ከብዙ ክፍላተ ግዛት በርካታ ደብዳቤዎች፣ ቴሌግራሞችና የፊርማ ማመልከቻዎች ወደ ዋሺንግተን ጎረፉ። ከጻፉት መካከል የቤተሰባቸው ብቸኛ አሳዳሪ የሆኑ እናቶች ይገኙ ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን ጊዜው እንዲራዘም ቢያደርጉም፣ በየካቲት 1946 መጨረሻ የፌዴራሉ እርዳታ ቆመ። ጦርነቱ አብቅቶ ነበር፤ የእናቶቹ ችግር ግን አላበቃም ነበር።

በካሊፎርኒያ ሁኔታው ተለየ። ወላጆችና መምህራን በአንድነት ባደረጉት ጥረት የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ማቆያዎቹን በራሱ በጀት ከዓመት ወደ ዓመት እያራዘመ ቆይቶ፣ በ1957 ቋሚ አደረጋቸው። በምትኩ አገልግሎቱ በገቢ መጠን ተወስኖ በተለይ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች እንዲሆን ተደረገ። ክሪስ ኸርብስት የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ የላንሃም ማቆያዎች የእናቶችን ሥራ ከማስፋፋታቸውም በላይ በዚያ ለዋሉት ሕፃናት እስከ ጉልምስና ዕድሜ የዘለቀ ጥቅም ማስገኘታቸውን አሳይተዋል።

የግብር ቅናሽና ያልጸደቀው ሕግ

በ1954 የወጣው የግብር ሕግ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሠራተኞች ለሕፃናት ጥበቃ ያወጡትን እስከ 600 ዶላር ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው ላይ እንዲቀንሱ ፈቀደ። በ1976 ደግሞ ቅናሹ ከሚከፈለው ግብር ከራሱ ላይ እንዲሆን ተደረገ። ይሁንና ገቢው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ የገቢ ግብር የማይደርስበት ቤተሰብ የሚቀነስለት ነገር ስለሌለ፣ እርዳታው እጅግ የሚያስፈልገው ክፍል ሳይጠቀም ቀረ።

በ1971 ኮንግሬስ በሴናተር ዋልተር ሞንዴልና በጆን ብራዴማስ አቅራቢነት ሰፊ የሕፃናት እድገት ሕግ አሳለፈ። በዚህ ሕግ ለድሆች አገልግሎቱ በነፃ፣ ለሌሎች ደግሞ ክፍያው እንደ ገቢያቸው መጠን እንዲሆን ታስቦ ነበር። የሕጉ መነሻ ሌላ ዓላማ ሳይሆን የሕፃኑ እድገት ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ግን ሕጉ የቤተሰብን የማሳደግ ድርሻ ያዳክማል በማለት በታኅሣሥ 9 ቀን 1971 ሳይፈርሙ መለሱት። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ውሳኔያቸውን ለመሻር በተሰጠው ድምፅ 51 ሰዎች ቢደግፉና 36 ቢቃወሙም፣ የሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ ስላልተገኘ ሕጉ ሳይጸድቅ ቀረ።

ከ1990 ወዲህ

ዛሬ ያለው የድጎማ ሥርዓት የተመሠረተው በ1990 በወጣው ሕግ ነው። በዚህ ሥርዓት ክፍላተ ግዛት ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ እየተቀበሉ ለወላጆች የክፍያ ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣሉ፤ ወላጆችም በወረቀቱ የመረጡትን ማቆያ ይጠቀማሉ። በ1996 የእርዳታ ሕጉ ሲለወጥ ገንዘቡ ከፍ ብሏል፤ ምክንያቱ ግን እናቶች ከመንግሥት እርዳታ ወጥተው ወደ ሥራ እንዲገቡ ስለ ተፈለገ ነበር። የ2014 ማሻሻያ አንድ ጊዜ ድጎማ የተፈቀደለት ልጅ ቢያንስ 12 ወር እንዲቆይ በመደንገግ፣ የወላጅ ገቢ በትንሹ በተለዋወጠ ቁጥር ልጁ ከማቆያ የሚወጣበትን ሁኔታ ቀንሷል።

የቀረው ትልቅ ችግር የገንዘቡ መጠን ነው። የፌዴራሉ ሕግ ገቢያቸው ከክፍለ ግዛቱ መካከለኛ ገቢ 85 በመቶ የማይበልጡ ቤተሰቦችን ብቁ ቢያደርግም፣ መንግሥት ባወጣቸው የቅርብ ዓመታት ግምቶች መሠረት ድጎማውን የሚያገኙት ብቁ ከሆኑት ሕፃናት ከስድስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2021 የተመደበው 39 ቢሊዮን ዶላርም የተወሰነ ጊዜ ነበረው፤ ማቆያዎችን ለመደገፍ የተሰጠው 24 ቢሊዮን ዶላር በመስከረም 2023፣ ቀሪው 15 ቢሊዮን በመስከረም 2024 አብቅቷል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሂደት ሦስት ነጥቦችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ በአስቸኳይ ጊዜ በጀት የተከፈተ ማቆያ አስቸኳዩ ጊዜ ሲያልፍ ይዘጋል፤ የካሊፎርኒያው የዘለቀው ወላጆችና መምህራን ቋሚ በጀት ስላስገኙለት ነው። ሁለተኛ፣ በግብር ቅናሽ መልክ የሚሰጥ እርዳታ ግብር የማይደርስበትን ድሃ አይነካውም። ሦስተኛ፣ መብት በሕግ ቢሰፍርም በጀት ካልተከተለው ብዙዎችን ተራ ጠባቂ ያደርጋል።

እነዚህ ነጥቦች በኢትዮጵያም ሊጤኑ ይገባል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ድንጋጌው የተመለከተው የመንግሥት ሠራተኛዋን ነበር፤ በቀን ሥራ፣ በጉልት ንግድና በሰው ቤት ሥራ የምትተዳደረው እናት መሥሪያ ቤት የላትም። ስለ ሕፃናት ማቆያ የሚወጣ ዕቅድ ሁሉ በቅድሚያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ የዚችን እናት ልጅ ማን ይጠብቃል፣ ወጪውንስ ማን፣ እስከ መቼ ይሸፍናል የሚለው ነው።